የ2013ቱን የቨርጂኒያ ትምባሆ ዛሬ ከፈትኩት

ዘአሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ)

ጤና ይስጥልኝ የፒፓ ወዳጆች።

ዛሬ ከሰዓት አንድ የፒፓ ትምባሆ ጠርሙስ ከፈትኩ። ክዳኑ ላይ በገዛ እጄ «ፉል ቨርጂኒያ ፍሌክ፣ ኦክቶበር 2013» ብዬ ጽፌበታለሁ። ቨርጂኒያ የትምባሆው ዓይነት ነው፤ ፍሌክ ማለት ደግሞ ተጨምቆ በስሱ የተቆረጠ ማለት ነው። ያኔ ሳሙኤል ጋዊዝ የሚባለውን የእንግሊዝ ትምባሆ ሠሪ ባለ 250 ግራም ካርቶን ገዝቼ ነበር። ግማሹን በዚያው ብርድ ወራት ጨረስኩት። የቀረውን ሰፊ አፍ ባለው የመስታወት ጠርሙስ አድርጌ ምድር ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ሦስት ቤት ስቀይር አብሮኝ ዞሯል። በ12 ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልከፈትኩትም።

ክዳኑን ስጠመዝዘው ፍስስ አለ። ከዚያ ሽታው መጣ። አዲስ ሳለ ምን ይሸት እንደነበር ደህና አድርጌ አስታውሳለሁ። ድርቆሽ ድርቆሽ ይል ነበር፤ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ነገርም ነበረበት። አሁን ያ የለም። ዘቢብ ነው። የደረቀ በለስ ነው። ድፎ ዳቦ ከምጣድ ወርዶ ኮባው ገና ሳይላጥ ያለው ሽታ ነው። ባለቤቴ ከፎቅ ሆና «ምን እየጋገርክ ነው?» አለችኝ።

ቀለሙም ሌላ ሆኗል። ድሮ ቡናማ ነበር፤ እዚህም እዚያም ወርቃማ ጭረት ነበረበት። አሁን ጠቁሯል፤ ዘይት የነካው ይመስላል። አንድ ቁራጭ አውጥቼ ወረቀት ላይ አንድ ሰዓት ያህል አሰጣሁት። ይህ ትምባሆ ሲመጣም እርጥብ ነው፤ ሳያናፍሱት ቢለኩሱት ይጠፋል፣ እንፋሎቱም ምላስ ያቃጥላል። ከዚያ አጥፌ አጥፌ ፒፓዬ ውስጥ ከተትኩት።

አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ቆየልኝ። መጀመሪያ ላይ ጣፋጭ ነበር፤ የስኳር ሳይሆን የቴምር ዓይነት ጣፋጭነት። መሐል ላይ ወፈር ብሎ ዳቦ ዳቦ አለ። ምላሴን ጨርሶ አልነከሰኝም። አዲሱ ግን በፍጥነት ከሳቡት ይነክሳል፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ። ቅጠሉ ላይ በባትሪ ሳየው የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ነገር አለ፤ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ይሄ ሻጋታ ነው ወይስ ስኳር? እናንተስ ምን አስቀምጣችኋል? ስንት ዓመት ነው የምትጠብቁት?

ገርጂ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ አንብቤ ስጨርስ ምራቄን ዋጥኩ። እኔ ያለኝ የአክስቴ ልጅ ከለንደን ያመጣልኝ ሁለት ቆርቆሮ ብቻ ነው። አንዱን ከፍቼ ግማሽ አድርሼዋለሁ። ሁለተኛውን ላስቀምጠው ወይስ ልጠጣው እያልኩ ስወዛገብ ይሄን ጽሑፍ አየሁ።

ሁለት ችግር አለብኝ። አንደኛ፣ ያልተከፈተው ቆርቆሮ ከመጣ ጀምሮ ክዳኑ ትንሽ ወደ ላይ ተነስቷል። ተበላሽቶ ይሆን? ሁለተኛ፣ የከፈትኩት ደረቀብኝ። ታኅሣሥና ጥር ላይ የአዲስ አበባ አየር ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ከንፈር የሚሰነጥቅ አየር ነው። ትምባሆው በሁለት ሳምንት እንደ ደረቀ የጤናዳም ቅጠል እጄ ላይ ተፈረፈረ።

መረጃ ወዳድ (ቶሮንቶ)

ደስታህን ልቀማህ አይደለም ዘአሌክሳንድሪያ። ግን እውነት ልጠይቅ። 12 ዓመት የጠበቅነውን ነገር ስናጨስ ጣፋጭ ነው እንላለን እንጂ ምን እንላለን? የጠበቀ ሰው መጠበቁ ከንቱ ነበር ማለት ይከብደዋል። እኔ በጭፍን ተቀምሶ ካላየሁት አላምንም። አዲስና አሮጌ ጎን ለጎን፣ የትኛው የቱ እንደሆነ ሳታውቅ።

ደግሞስ ለምን ቨርጂኒያ ብቻ? ሁሉም ትምባሆ ቢቆይ ይጥማል ማለት ነው?

የሮቢት ልጅ (ዳላስ)

መረጃ ወዳድ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ለምን ቨርጂኒያ የሚለውን እኔ ልመልስ፤ ምክንያቱም መልሱን ሳላውቀው አብሬው ነው ያደግኩት።

ሸዋሮቢት ነው የተወለድኩት። አባቴ የትምባሆ እርሻው ላይ ሠርቷል። ብዙ ሰው አያውቅም እንጂ እዚያ የሚበቅለው ቨርጂኒያ ነው። ለሲጋራ ነበር የሚሄደው፤ ፒፓ አጫሽ ሮቢት ውስጥ አላየሁም። ቅጠሉ የሚለቀመው ከታች ወደ ላይ ነው። የታችኛው ቀድሞ ይደርሳል፣ ከሳምንት በኋላ ቀጣዩ፣ እንዲህ እያለ እስከ ጫፍ። ሴቶቹ ቅጠሉን በሲባጎ እንጨት ላይ ያስሩታል። እንጨቱ ማድረቂያ ቤቱ ውስጥ በረድፍ ይሰቀላል።

ምስጢሩ ያለው እዚያ ቤት ውስጥ ነው። ቅጠሉ ሲገባ አረንጓዴ ነው፤ በውስጡ ብዙ ስታርች አለ። መጀመሪያ ሙቀቱ 38 ዲግሪ አካባቢ ይያዛል። ቅጠሉ ገና አልሞተም። ቢጫ እየሆነ ሲሄድ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል። ልክ ስኳሩ ሲሞላ ሙቀቱ ይጨመራል። ወደ 50 ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ የቅጠሉ መሐል አጥንት እንዲደርቅ ወደ 70 ይደርሳል። ቅጠሉ ስኳሩን በልቶ ሳይጨርስ ይሞታል። ሁሉ ነገር በሳምንት ውስጥ ያልቃል። ጭሱ ቅጠሉን አይነካውም፤ ሙቀቱ በቱቦ ነው የሚሄደው።

በርሌ የሚባለውን ትምባሆ ውሰድ። እሱ ጥላ ሥር በነፋስ ብቻ ነው የሚደርቀው። ሳምንታት ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ሁሉ ቅጠሉ በሕይወት ስላለ የራሱን ስኳር እየበላ ይቆያል። ሲደርቅ ስኳር የለውም ማለት ይቻላል። ቨርጂኒያ ግን ከክብደቱ እስከ 20 በመቶና ከዚያም በላይ ስኳር ሊኖረው ይችላል።

እና ይሄ ስኳር ነው ጠርሙስ ውስጥ ለዓመታት የሚሠራው። ስኳሩ ቅጠሉ ውስጥ ካሉት አሚኖ አሲዶች ጋር ቀስ እያለ ይዋሃዳል። የዳቦ ቅርፊት ሲጠቁር የሚሆነው ነገር ይሄው ነው። ፈረንሳዊው ማያርድ በ1912 ነው ስለዚህ ነገር የጻፈው፤ ስሙም በእሱ ተጠርቷል። ዳቦው በግማሽ ሰዓት ምድጃ ውስጥ የሚሆነውን፣ ትምባሆው ቁም ሳጥን ውስጥ በዓመታት ይሆነዋል። ዘአሌክሳንድሪያ «ድፎ ዳቦ ሸተተኝ» ሲል ዝም ብሎ ማጋነን አይደለም። ባለቤቱም አልተሳሳተችም።

ላታኪያ (በእንጨት ጭስ የደረቀ ትምባሆ) ያለባቸው ድብልቆች ደግሞ ሲቆዩ የጭስ ሽታቸው ይለዝባል። ይሄን የሚወድ አለ፤ እኔ ግን የጭሱን ኃይል ስለምወድ ላታኪያን ቶሎ ነው የማጨሰው። ቫኒላና ቼሪ የተቀባባቸውን ማስቀመጥ ምንም ትርጉም የለውም፤ ሽቶው ይተናል፣ ባዶ ቅጠል ይቀራል።

ያን የማድረቂያ ቤት በር ሲከፍቱ የሚወጣውን ሽታ ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ገና ሮቢት ላይ ሳለ ማር ማር ይላል።

አሮጌ ፒፓ (ፍራንክፈርት)

ልጆቼ ሰላም ናችሁ? ከ1974 ጀምሮ ፒፓ አጨሳለሁ፤ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው። ጀርመን የመጣሁት በዚያ ዓመት ነው። የመጀመሪያ ፒፓዬን የገዛሁትም ያኔ ነው።

ዘአሌክሳንድሪያ፣ እንዳልከው ከሆነ ያየኸው ከቅጠሉ የወጣ ክሪስታል ይመስለኛል። ሻጋታ በዓይን ይለያል። ሻጋታ ጸጉር አለው፤ እንደ ጥጥ ይበተናል፣ አንድ ቦታ ላይ ይሰበሰባል፣ ሽታውም የእርጥብ ምድር ቤት ሽታ ነው። ክሪስታል ግን ብርሃን ሲያገኘው ያብለጨልጫል፤ በጠቅላላው ቅጠል ላይ እኩል ይነሰነሳል። በጣትህ ብታሸው ይጠፋል። የጠረጠርከው ሻጋታ ከሆነ ግን ጠርሙሱን ሙሉውን ጣል። ላይ ላዩን አንስቼ የቀረውን ላጭስ አትበል።

አሁን ደግሞ የሚያሳዝነኝን ልናገር። የቆየ ሁሉ ጥሩ አይደለም። እኔ ከ30 ዓመት በላይ የቆየ ቆርቆሮ ነበረኝ። ልጄ ሲመረቅ ብዬ አስቀመጥኩት። ተመረቀ፤ አልከፈትኩም። ሲያገባ ብዬ አቆየሁት። አገባ፤ እንግዳ በዝቶ ረሳሁት። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ስትወለድ ከፈትኩት። ቆርቆሮው ከውስጥ ዝጎ ተበስቷል። አየር ገብቷል። ትምባሆው እንደ ገለባ ሆኗል። ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ባጨስኩት ጊዜ ወረቀት ያጨስኩ ያህል ነበር። ያ ቆርቆሮ 10 ዓመቱ ላይ ቢከፈት ኖሮ ምን ይመስል እንደነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ስለዚህ በተለይ ቀጭን ጎማ ብቻ የዘጋቸውን አራት ማዕዘን ቆርቆሮዎች አትመኑ። ወደ ጠርሙስ ገልብጡት። ቀኑን ጻፉበት። በየዓመቱ ዝገት ተመልከቱ። ለእኔ ምላስ የቨርጂኒያ ጥሩ ዕድሜ ከ5 እስከ 15 ዓመት ነው። ከ5 በፊት ለውጡ ይሰማል ግን ገና ነው። ከ15 በኋላ አንዳንዱ ይለዝብና ኃይሉ ያልቃል። ጠጅም እንዲሁ ነው፤ እናቴ ሲቆይ ይሻላል ትል ነበር፣ ግን ጋኑን መቼ መክፈት እንዳለባት ታውቅ ነበር።

ስለ እናቴ ካነሳሁ፣ ፒፓ እንደማጨስ ስትሰማ ሁለት ዓመት ደብዳቤ አልጻፈችልኝም። ትምባሆ ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ተክል ነው እየተባለ ነው ያደገችው። እኛም እንደዚያ ሰምተን ነው ያደግነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን በአዋጅ መከልከላቸውን አያቷ ይነግሯት ነበር። በኋላ ይቅር አለችኝ፤ ቤቷ ስሄድ ግን ፒፓዬን ይዤ አልገባሁም።

ገርጂ (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቆርቆሮዎት ታሪክ ልቤን ነካው። የእኔንስ ምን ይሉኛል? ክዳኑ የተነሳው?

የሮቢት ልጅ (ዳላስ)

ጋሼ እስኪመልሱ እኔ ልበል። ገርጂ፣ አትስጋ። ቆርቆሮው የታሸገው ባሕር ጠለል አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ በውስጡ ያለው አየር ክዳኑን ወደ ውጭ ይገፋዋል። የታሸገ የቺፕስ ከረጢት አዲስ አበባ ሲደርስ እንደሚነፋው ማለት ነው። ችግሩ ክዳኑ ብዙ ከተነሳ ቀስ በቀስ አየር ያስገባል። ለዓመታት ማቆየት ከፈለግክ አሁኑኑ ወደ ጠርሙስ ብትገለብጠው ይሻላል።

አሮጌ ፒፓ (ፍራንክፈርት)

ልክ ብሏል። ለደረቀው ደግሞ አፕል ወይም ድንች ቁራጭ እንዳትጨምር። ብዙ ሰው ይመክርሃል። ሻጋታ የሚመጣው ከዚያ ነው። የሸክላ ስባሪ ፈልግ፤ አንተ አገር ሸክላ ሞልቷል፤ የተሰበረ ጀበና ቢሆን እንኳ ያልተቀባ ይሁን። ቀቅለህ አጽዳው፣ የተጣራ ውሃ አጠጣው፣ ላዩን በደንብ ጥረገው። ከትምባሆው ጋር ጠርሙስ ውስጥ ለአንድ ቀን ተወው። በማግስቱ አውጣውና እየው። ካልበቃው ድገመው። ውሃ በቀጥታ አትርጭበት።

የሚመለስለት ግን እርጥበቱ ነው። ሽታው ከጠፋ ጠፍቷል።

ዱባይ 88 (ዱባይ)

እኔ ስለ ሙቀት ልጨምር። እዚህ አገር ሰው እንዳይሳሳት። ሐምሌ ውስጥ አንድ ቆርቆሮ መኪናዬ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ረስቼ ሦስት ቀን ቆየ። ስከፍተው ቅጠሉ ጠቁሯል። በጣም ደስ አለኝ፤ የ10 ዓመቱን በሦስት ቀን አገኘሁት አልኩ። አጨስኩት። ጣዕሙ የተቀቀለ ጎመን ነበር። ጥቁረቱ ብቻ ነው የመጣው። ፍራፍሬው የለም፤ ያ ልስላሴ የለም።

አሁን ኤሲ ሌሊትና ቀን የሚሠራበት መኝታ ቤት ውስጥ፣ ከልብስ ቁም ሳጥኑ ሥር፣ በካርቶን ከድኜ ነው የማስቀምጠው። 22 ዲግሪ አካባቢ። ፀሐይም አያገኘውም። ፍሪጅ ውስጥም አላስገባም፤ ሲቀዘቅዝ ሥራው በጣም ይዘገያል።

ደግሞ አንድ ጥያቄ። የማክሌላንድ ኩባንያ ትምባሆ ያላችሁ አላችሁ? በኢንተርኔት ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ይገባዋል?

አሮጌ ፒፓ (ፍራንክፈርት)

ማክሌላንድ በ2018 ተዘጋ። ካንሳስ ሲቲ ነበር ፋብሪካቸው። ጥሩ ቀይ ቨርጂኒያ ቅጠል ማግኘት ከባድ እየሆነ መምጣቱ ከምክንያቶቹ አንዱ እንደነበር ያኔ ተነግሯል። ቆርቆሮው ሲከፈት ካቻፕ ካቻፕ የሚል ሽታ ነበረው። ብዙ ሰው በዚያ ሽታ ይሸሻል። ሲቆይ ሽታው ይቀንስና ከሥሩ ያለው ቅጠል ይወጣል፤ እውነትም ግሩም ነው።

ለአንድ ቆርቆሮ የሚጠየቀውን ዋጋ ግን እኔ አልከፍልም፤ አንተም አትክፈል። በዚያ ገንዘብ ዛሬ የሚሠራ ጥሩ ቨርጂኒያ አምስት ስድስት ቆርቆሮ ግዛ፤ ጠርሙስ ግዛ፤ ቀን ጻፍበት። ፒተርሰን ፍሌክ አለ፤ ያው የድሮው ደንሂል ፍሌክ ማለት ነው። ኦርሊክ ጎልደን ስላይስድ አለ፤ ካፕስታን አለ፤ የራትሬይ ማርሊን ፍሌክ አለ። እነዚህ ሁሉ ሲቆዩ ያምራሉ።

እህተ ማርያም (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም። ነርስ ነኝ። ይሄን ውይይት የማነበው አባቴ ፒፓ ስለሚያጨስ ነው። ጽሑፋችሁ ደስ ይላል፤ አባቴን እያየሁት ነው የማነበው። አንድ ነገር ግን ሳልል ማለፍ አልችልም። «ጭሱን ወደ ውስጥ አልስበውም» የሚለው የፒፓ አጫሾች አባባል ብዙ ሰው ያታልላል። ጭሱ አፍ ውስጥ ብቻ ቢቆይም የአፍ፣ የጉሮሮና የሳንባ ካንሰር አደጋን ይጨምራል። ቅጠሉ 12 ዓመት ስለቆየ አደጋው አይቀንስም። ምላሳችሁ ወይም ድዳችሁ ላይ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ወይም ነጭ ነገር ካያችሁ ሐኪም ሳታዩ አትቆዩ። የጥርስ ሐኪማችሁም ፒፓ እንደምታጨሱ ይወቅ።

ልጆች ባሉበት ቤት ውስጥ ደግሞ ባታጨሱ።

ዘአሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ)

እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። እኔ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ፒፓ ነው የማጨሰው፤ ከቤት ውጭ በረንዳ ላይ። የጥርስ ሐኪሜም ያውቃል። የቆየ ትምባሆ የምወድበት አንዱ ምክንያትም ይሄ ነው። ትንሽ ሆኖ ይበቃኛል። አባትሽን ሰላም በይልኝ።

ገርጂ (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ እኔም በረንዳ ላይ ነው። እዚህ በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ዝግ ቦታ ሁሉ ማጨስ ተከልክሏል። መከልከሉም ጥሩ ነው። ፒፓ ለጩኸት ቤት አይሆንም። ማታ ላይ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ነው የፒፓ ሰዓቱ።

ዘአሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ)

የሮቢት ልጅ ስለ ማድረቂያ ቤቱ ሲጽፍ አንድ ነገር አስታወሰኝ። ባለፈው ዓመት ከልጄ ጋር ወደ ሰሜን ካሮላይና ካዝዌል ካውንቲ ነድተን ሄደን ነበር። ከዚህ አራት ሰዓት ገደማ ነው። የሄድኩት ለአንድ ሰው ብዬ ነው፤ ስቲቨን ስሌድ ይባላል።

በ1839 ነው። ስቲቨን አቢሻ ስሌድ በሚባል ገበሬ እርሻ ላይ በባርነት የሚሠራ ጥቁር ሰው ነበር። አንጥረኛም ነበር። ሌሊት የማድረቂያ ቤቱን እሳት ሲጠብቅ እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ እሳቱ ሊጠፋ ደርሷል። ሮጦ ከአንጥረኛው ቤት ከሰል አምጥቶ ጨመረበት። የከሰሉ ድንገተኛ ሙቀት ቅጠሉን ደማቅ ቢጫ አደረገው። ማንም ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ቅጠል አላየም ይባላል። ጌታው ቅጠሉን በከፍተኛ ዋጋ ሸጠው። የሮቢት ልጅ የነገረን ነገር ሁሉ፣ ያ ሙቀት፣ ያ ቢጫነት፣ ስኳሩ ታስሮ መቅረቱ፣ መነሻው ያ ሌሊት ነው።

ቨርጂኒያ ስንል የቦታውን ስም እንጠራለን። ጆን ሮልፍ በ1612 ጄምስታውን ላይ ዘሩን እንደዘራ ትምህርት ቤት ሁሉ ያስተምራል። እኔ የምኖርባት አሌክሳንድሪያም በ1749 ስትቆረቆር የትምባሆ መጋዘን አጠገብ ነበር። ሀብቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ጣዕሙ ግን የስቲቨን ነው። ልጄ 16 ዓመቷ ነው፤ ትምባሆ እንድታጨስ አልፈልግም። ስሙን ግን እንድታውቀው ፈልጌ ነው የወሰድኳት።

የሮቢት ልጅ (ዳላስ)

ይሄን አላውቅም ነበር። ለአባቴ ዛሬ ማታ ደውዬ እነግረዋለሁ። 81 ዓመቱ ነው። ዕድሜ ልኩን ያን እሳት ሲጠብቅ ነው ያደረው፤ እሱም እንቅልፍ ይወስደው ነበር።

መረጃ ወዳድ (ቶሮንቶ)

ታሪኩ ግሩም ነው። ጭፍን ፈተናውስ?

ዘአሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ)

ከ9 ቀን በኋላ ተመለስኩ። አደረግኩት።

አዲስ ፉል ቨርጂኒያ ፍሌክ ገዛሁ። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት እርጥበት እስኪሆኑ አናፈስኩ። ፈትፍቼ ቀለማቸው እንዳይለይ ባለቤቴ ሞላችልኝ። አራት ጊዜ፣ በአራት የተለያየ ቀን፣ በአንድ ፒፓ። የቱን እንደሞላች ወረቀት ላይ ጽፋ አስቀመጠች።

ሳልለኩሰው በማሽተት ብቻ አራቱንም ለየሁ። እሱ ምንም አያጠራጥርም። ለኩሼ በመጀመሪያው ግማሽም አራቱንም አወቅኩ። አዲሱ ሹል ነው፤ አፍንጫ ላይ ይወጣል፤ የሣር ነገር አለው። አሮጌው ክብ ነው፤ አፍ ውስጥ ይቀመጣል። መጨረሻው ሲሶ ላይ ግን ሌላ ነው። ባለቤቴ መሐል ላይ አስቁማኝ ፒፓውን ወስዳ በጨርቅ ጠቅልላ መለሰችልኝና «አሁንስ?» አለችኝ። ሁለቱን ቀን መለየት አቃተኝ። ወደ መጨረሻ ሁለቱም አመድና ሙቀት ይሆናሉ።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገርም አለ። ከአራቱ ቀን በአንዱ ይበልጥ የወደድኩት አዲሱን ነበር። ጠዋት ነበር፤ ቡና ጠጥቼ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ። ያ የሎሚ የሣር ሹልነቱ ለጠዋት ይሆናል። አሮጌው የማታ ነው።

መረጃ ወዳድ (ቶሮንቶ)

ወንድሜ ይሄ በቂዬ ነው። ልዩነቱ አለ፤ አምኛለሁ። መጨረሻው ሲሶ ላይ አለመለየቱን ሳትደብቅ መጻፍህ ይበልጥ አሳመነኝ። ነገ አራት ጠርሙስ ልገዛ ነው። ሁለቱን እስከ 2035 አልከፍትም።

አሮጌ ፒፓ (ፍራንክፈርት)

ገርጂ፣ ለጥምቀት አዲስ አበባ እመጣለሁ። እህቴ ቤት ሲኤምሲ ነው የማርፈው። አንድ ጠርሙስ ኦርሊክ አለኝ፤ 9 ዓመቱ ነው። ለብቻዬ ልጨርሰው አልፈልግም። እናቴ አሁን የለችም፤ በረንዳ ላይ አብረን እንቀመጣለን። የራስህን ግን አታጭሰው። ወደ ጠርሙስ ገልብጠህ ቀኑን ጻፍበት።

ገርጂ (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ ምን ልበልዎት። እጠብቅዎታለሁ። ጠርሙሱን ዛሬ ከመርካቶ ገዛሁ፤ በፈላ ውሃ አጥቤ ደርቆ እንዲያድር ደፍቼዋለሁ። ነገ ጠዋት እገለብጠዋለሁ። ቀኑን በእኛ ነው የምጽፈው ወይስ በፈረንጅ?

አሮጌ ፒፓ (ፍራንክፈርት)

በእኛ ጻፈው።